በምድር ቤታችን ያለች አደራ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህን ባሉበት ዘመን መጽሐፍ ማለት ብራና ነበር። ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ አንድ ጊዜ ከተጻፈበት በኋላ ከእሳት፣ ከውኃና ከአይጥ እስከተረፈ ድረስ፣ ማንም ሳይነካው በዕቃ ቤት ጨለማ ውስጥ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። የእኛ ዘመን ጽሑፍ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ኤሌክትሪክ ካላገኘ፣ ኪራዩ ካልተከፈለ፣ የተቀመጠበት ዲስክ በየጥቂት ዓመቱ ካልተለወጠ ያለ አንዳች ጠላት በገዛ ራሱ ይጠፋል። ጠላት ሲጨመርበትማ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚያጥር ሁላችንም በየተራችን አይተነዋል።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ ልናወጋችሁ የወደድነው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በምድር ቤታችን ውስጥ ሌት ተቀን ስለምትሠራ አንዲት ኮምፒዩተር ነው። ፈረንጆቹ ሰርቨር ይሏታል፤ ትርጉሙም አገልጋይ ማለት ነው። በውስጧ 1400 ያህል የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እትሞች ተቀምጠዋል። ከእነዚህ መካከል አሳታሚዎቻቸው እንኳ አንድ ቅጂ ያልቀራቸው አሉ። እኛ መሐንዲስ አይደለንም፤ ሙያችን ጋዜጠኝነት ነው። ስለ ሽቦና ስለ ዲስክ ለመጻፍ ያስገደደን የማሽን ፍቅር ሳይሆን፣ ጽሑፍን ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ነው።

የማተሚያ ቤቱ ትምህርት

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። ብዕሩ የእኛ ነበር። ወረቀቱንም በዱቤም ሆነ በእጅ በእጅ እንገዛው ነበር። ማተሚያው ግን የእኛ አልነበረም። የአገሪቱ ትልቁ ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ሲሆን ባለቤቱ መንግሥት ነበር። መንግሥትን የሚተች ጋዜጣ ገጾቹን አዘጋጅቶ ለኅትመት የሚወስደው፣ በአመዛኙ ወደዚያው ወደ ተተቺው ደጃፍ ነበር።

የዚህ ነገር ፍጻሜ እኛ ከአገር ከወጣን ከዓመታት በኋላ በግልጽ ታየ። በ2004 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች ያቀረበው ውል፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ላለማተም መብት የሚሰጠው አንቀጽ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የ«ፍትሕ» ጋዜጣ አንድ እትም ከታተመ በኋላ እንዳይሰራጭ ታገደ። የመጻፍ መብት በሕገ መንግሥት ቢሰፍርም የማተሚያው ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ካለ መብቱ እንደ ውሰት ነው፤ በተፈለገ ሰዓት ይመለሳል።

ከዚያ ቀደም የደረሰውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሰዋል። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የተነሣው ውዝግብ በጥቅምት ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ደም መፋሰስ ሲያመራ የግል ጋዜጦች ቢሮዎች ተበረበሩ፤ ኮምፒዩተሮችና ሰነዶች ተወሰዱ። ጋዜጠኞች ወኅኒ ወረዱ፤ ሌሎች ድንበር አቋረጡ። እኛ ከሁለተኞቹ ወገን ነን። ስለታሰሩትና ስለተሰደዱት ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባዋል። በዚያ ሰሞን ስለጠፋው ሌላ ነገር ግን የተናገረ ጥቂት ነው። የዝግጅት ክፍሎቻችን መደርደሪያዎች፣ ያለፉ እትሞች ጥራዞች፣ ያልታተሙ ፎቶግራፎች፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የአንባቢ ደብዳቤዎች የት እንደገቡ የጠየቀ የለም። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ መደርደሪያውን ተሸክሞ አይሸሽም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

በስደት አገር ድረ-ገጽ መክፈት ጋዜጣ ከማሳተም እጅግ ይቀላል። በወር ከ10 ዶላር በማይበልጥ ኪራይ አንድ ሰው ከመኝታ ቤቱ ሆኖ ለዓለም መጻፍ ይችላል። ማተሚያ ቤት የለም፤ አከፋፋይ የለም፤ የወረቀት ዋጋ የለም። በእርግጥ ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ቤት የተቃዋሚና የስደተኛ ድረ-ገጾች መታገድ ጀመሩ። ኦፕንኔት ኢንሼቲቭ የተባለው የጥናት ቡድንም እገዳውን መዝግቦታል። ይህ ግን አንባቢ ወደ እኛ እንዳይደርስ የሚከለክል አጥር ነበር እንጂ ጽሑፉን ከእኛ እጅ የሚነጥቅ አልነበረም።

ጽሑፉ ከእጃችን ሊወጣ የደረሰው በሌላ አቅጣጫ ነው። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እናዘጋጀው የነበረው ገጽ በሐሰተኛ ጎብኚዎች ጎርፍ ተጥለቀለቀ። በሺህ የሚቆጠሩ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር የወደቁ ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ በሩን ሲደበድቡ እውነተኛው አንባቢ መግቢያ ያጣል። ሰርቨሩን ያከራየን ድርጅት የሌሎች ደንበኞቹ ገጾች አብረው በመጎዳታቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ዕቃችንን ይዘን እንድንወጣ በትሕትና ጻፈልን። ስሙን አንጠራም፤ በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው የፈጸመው። በዚህ ውስጥ አንድም ሳንሱር አልነበረም፤ የንግድ ሒሳብ ብቻ ነበር። ውጤቱ ግን ከሳንሱር የሚለይ አልነበረም።

ይህ የእኛ ዕጣ ብቻ አይደለም። ጂኦሲቲስ የተባለውና ሚሊዮኖች በነጻ የግል ገጽ የከፈቱበት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ተዘጋ። ያሁ ግሩፕስ ለዓመታት የተጠራቀሙ የቡድን ደብዳቤዎችን እንደሚሰርዝ በ2019 አስታውቆ በዲሴምበር 2020 አገልግሎቱን ጨርሶ አቆመ። ኢንተርኔት አርካይቭን የመሰሉ ተቋማትና ፈቃደኞች ባይሯሯጡ ኖሮ ከሁለቱም የሚተርፈው እጅግ ያንስ ነበር። እነዚህን ገጾች ያጠፋቸው አምባገነን መንግሥት አይደለም። ትርፍ ስላላስገኙ ነው የጠፉት። በሰው ቤት የተቀመጠ ዕቃ ባለቤቱ ቤቱን ሊያድስ ሲነሣ ከቆሻሻው ጋር ይጠረጋል።

አገልጋይዋን ማኖር

የመጀመሪያዋ ማሽን ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ በ40 ዶላር የተገዛች ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበረች። ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንባት። ደቢያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች በደቦ የሚሠሩትና በነጻ የሚታደል ሥርዓት ነው። ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው አፓቼ የተባለ ፕሮግራምም እንዲሁ ዋጋ አይጠየቅበትም። የመጫኑ ሥራ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የመጫን ሳይሆን የመጠበቅ ነው።

ዲስክ ሟች ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 500 ጊጋባይት የሚይዙ ሁለት ዲስኮች አስገብተን አንዱን የሌላው መስታወት አደረግነው፤ በአንዱ ላይ የተጻፈ ሁሉ ወዲያውኑ በሌላውም ላይ ይጻፋል። በ2005 ዓ.ም. ክረምት አንደኛው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮ በማግሥቱ ሲሞት አንዲት ገጽ አልጠፋችም። ይሁንና መስታወት መጠባበቂያ አይደለም። ከአንዱ የተሰረዘ ጽሑፍ በዚያችው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛል። ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሕግ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

የቤት ኢንተርኔት የተሠራው ለሸማች እንጂ ለአሳታሚ አይደለም። ወደ ቤት የሚገባው መንገድ ሰፊ፣ ከቤት የሚወጣው ጠባብ ነው። 12 ገጽ ያለው አንድ ጋዜጣ በሙሉ ጥራቱ ሲነሣ 36 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። በ2001 ዓ.ም. ከቤታችን የሚወጣው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ስለነበር፣ አንድ አንባቢ አንድ እትም ለማውረድ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ዐሥር አንባቢ በአንድ ጊዜ ቢመጣ ለእያንዳንዱ 48 ደቂቃ ይሆናል። አገር ቤት ያለው አንባቢ በዚያን ጊዜ በስልክ መስመር እየተንቀራፈፈ የሚገባ ነበርና እያንዳንዱን እትም በሦስት መልክ አስቀመጥነው፤ ሙሉ ምስሉን ለተመራማሪ፣ 2 ሜጋባይት የማይሞላ ቀላል ምስል ለተራ አንባቢ፣ ጽሑፉን ብቻ ደግሞ መስመሩ ለደከመበት ሁሉ። ዛሬ የፋይበር መስመር ቢገባልንም ሦስቱን መልክ አልተውነውም፤ በአገራችን ብዙ ሥፍራ መስመሩ ዛሬም ደካማ ነውና።

ይህን ሊሞክር የሚያስብ ወገን የኢንተርኔት ውሉን አስቀድሞ ያንብብ። አንዳንድ ኩባንያዎች በመኖሪያ ቤት መስመር ላይ ሰርቨር ማኖርን ይከለክላሉ። የቤት የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥርም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አዲሱን ቁጥር እየተከታተለ ከገጹ ስም ጋር የሚያያይዝ አገልግሎት መያዝ ያስፈልጋል። ወጪውን በተመለከተ የመጀመሪያዋ ማሽን 100 ዋት ያህል ትበላ ነበርና በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጅ ነበር። አሁን ያለችው መጠኗ ከአንድ መጽሐፍ የማይበልጥ ሲሆን 20 ዋት ያህል ብቻ ትወስዳለች። ይህም በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በአካባቢያችን ዋጋ ከ30 ዶላር ብዙም አይርቅም። ለሁለት ሰው ከአንድ እራት ግብዣ ያነሰ ወጪ ነው። ባለቤታችን «ይቺ ሦስተኛ ልጅህ ዛሬም አልተኛችም?» እያለች መቀለዷ ግን አልቀረም።

በዓለም የመጀመሪያው የድረ-ገጽ ሰርቨርም በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነበር። ቲም በርነርስ ሊ በስዊስ አገር በሚገኘው የሰርን የምርምር ተቋም ሲሠራበት የነበረው ማሽን ላይ፣ ይህ ሰርቨር ስለሆነ ኃይሉ እንዳይቋረጥ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎ ነበር። እኛም በአማርኛ ጽፈን በማሽኗ ግንባር ላይ «እንዳታጠፉኝ» ብለን ለጥፈናል። በቋንቋችን መብራት ማጥፋትና ሥራን ማጥፋት፣ ዘር ማጥፋትና ጥፋት መሥራት ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት መሆናቸውን ያን ዕለት ስንጽፍ አሰብን።

የፊደል ጭምብል

ጋዜጣን ስካን ማድረግ ትዕግሥት እንጂ ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም። የከበደን በኮምፒዩተር የተጻፈው ነው። በ1990ዎቹ የተለቀሙ ጽሑፎቻችንን የያዙ ሲዲዎችና ፍሎፒ ዲስኮች ከወዳጆች እጅ አሰባስበን ስንከፍት የወጣው አማርኛ አልነበረም፤ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ነበር። ምክንያቱ ይታወቃል። በዚያ ዘመን የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ዓለም የራሱ ርስት አልነበረውም። የፊደል ሠሪዎቻችን የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ እየተዋሱ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ፊደሎቻችንን አኖሩ። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ ለዓይን የሚታየው ግን «ሀ» ነው። ያ የፊደል ፋይል የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ጭምብሉ ይወልቃል፤ ጽሑፉም የማንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር ይሆናል።

ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠው። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ወደ አዲሱ ለመመለስ ለእያንዳንዱ የፊደል ዓይነት የመተርጐሚያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። አንዱን ሠንጠረዥ ለመጨረስ ሁለት ክረምት ፈጀብን። የታተመ ጋዜጣ ብቻ ያለን እንደሆነ ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ኅትመትን ከምስል ወደ ጽሑፍ መለወጥ ይችላል፤ የደበዘዘ ኅትመት ላይ ግን «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» እያምታታ ስለሚያነብ የሰው ዓይን ያስፈልገዋል።

ፍለጋውም የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» በጋዜጦቻችን ውስጥ «ፀሀይ»፣ «ጸሐይ»ና «ጸሀይ» ተብላ ትገኛለች። ለእኛ አንዲት ፀሐይ ናት፤ ለማሽን አራት ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን ለፍለጋ ጊዜ ብቻ አንድ የሚያደርግ ሕግ ጻፍንላት። ዘመን አቆጣጠራችንም አስቸግሯት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን የወጣን እትም «13ኛ ወር» ብለን ስናስገባ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብላ መለሰችው። በመጨረሻ የእኛን ቀን እንደ ጽሑፍ፣ የፈረንጁን እንደ ቀን አድርገን ጐን ለጐን አኖርንላት። የውጭ ኩባንያ ይህን ለእኛ ብሎ አይሠራውም። የገዛ ቤት ጥቅሙ ከዚህ ላይ ይታያል፤ ማድቤቱን እንደ ምግባችን እንሠራዋለን።

ዘበኛዋና መዝገቧ

ሰርቨር በር ናት፤ በር ደግሞ ይንኳኳል። ከርቀት የምንቆጣጠርበትን መግቢያ በከፈትን በሰዓታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ካሉ አድራሻዎች የይለፍ ቃል የሚገምቱ መምጣት ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሙከራ ቆጠርን። እነዚህ ለፖለቲካችን ደንታ የሌላቸው፣ ክፍት በር የሚፈልጉ አውቶማቲክ ሌቦች ናቸው። በይለፍ ቃል መግባትን ጨርሶ ዘግተን በቁልፍ ፋይል ብቻ እንዲሆን ስናደርግ ጉዳዩ አበቃ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ማሻሻያዎችን በየሳምንቱ መጫን ግን አያበቃም።

ለእኛ ተብሎ የሚመጣው አደጋ በሌላ በር ነው የሚገባው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሰነድ መስሎ በተላከ የስለላ ፕሮግራም ዒላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ማኅደሩ ባለበት ማሽን ላይ ኢሜይል አንከፍትም፤ የተላከ ፋይል አንነካም።

ሁሉን የሚበልጠው ጉዳይ ግን የራሷ የአገልጋይዋ መዝገብ ነው። አፓቼ እንደተጫነ ከተተወ የእያንዳንዱን ጎብኚ የአድራሻ ቁጥር፣ የገባበትን ሰዓትና ያነበበውን ገጽ ይጽፋል። በአሜሪካ ላለ አንባቢ ይህ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ላይ በቀረበው የሽብር ክስ ግን የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰድ እንደ ወንጀል ማስረጃ መጠቀሱን አንርሳ። ጦማሪያኑ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ከእስር ተፈትተዋል፤ ክሱ የዘራው ፍርሃት ግን ብዙ ቆየ። በእንዲህ ያለ ዘመን የአንባቢን ዝርዝር የያዘ ሰርቨር እንግዳ ተቀባይ ሳይሆን የእንግዶችን ስም ለሚጠይቅ ሁሉ መዝግቦ የሚያቆይ ዘበኛ ነው። አድራሻ መመዝገቡን አጠፋነው። ስንት ሰው እንዳነበበ እናውቃለን፤ ማን እንዳነበበ አናውቅም፤ ማወቅም አንሻም። በመንገድ ላይ የሚያደፍጠውን ዓይን ለመከላከል ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ በነጻ የሚያድለውን መቆለፊያ እንጠቀማለን። ቴሌው አንድ ሰው ወደ እኛ ገጽ መምጣቱን ሊያይ ይችላል፤ የትኛውን ጽሑፍ እንዳነበበ ግን አያይም።

ጨርሶ ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ አንድ ዲስክም አለን። በእርሱ ላይ ያሉት በአንባቢዎች እጅ የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከነሙሉ ስማቸው፣ አንዳንዶቹም ከነቀበሌያቸው። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ አደራ ብለው የላኩልን ናቸውና ከሃያ ዓመት በኋላም አይወጣም።

በር ሲዘጋ

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከሁለት መቶ በላይ የታገዱ ድረ-ገጾችና ሌሎች የመገናኛ መንገዶች ሲከፈቱ የተሰማን ደስታ ከልብ ነበር። «ከእንግዲህ ይህችን ማሽን አሳርፏት» ያሉን ወዳጆች ነበሩ። አላሳረፍናትም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል መስመሩ ተቆረጠ። መንግሥት ተለወጠ፤ ቁልፉን የማዞር ልማድ ግን ሳይለወጥ ቀረ።

በዚህ ጊዜ የአገልጋይዋ አቅም የት ላይ እንደሚያበቃ መሸሸግ አይገባም። እርሷ ነቅታ ብትጠብቅም አንባቢው ደጃፉ ላይ ሲዘጋበት ምንም ልታደርግለት አትችልም። ስለዚህ መላ ማኅደሩ 50 ጊጋባይት ገደማ መሆኑ በጀን፤ 64 ጊጋባይት በምትይዝ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ፍላሽ ላይ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ወደ አገር ቤት በሚሄዱ ሰዎች እጅ የተወሰኑ ቅጂዎች ሄደዋል፤ አንዲቱ በአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ያለ ኢንተርኔት ለሰፈር ተማሪዎች ታገለግላለች። በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ የፋይሎቹን የጣት አሻራ፣ ማለትም ከይዘታቸው በስሌት የወጣ ቁጥር፣ አብረን እናስቀምጣለን። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የተቀነባበረ የጋዜጣ ገጽ እንደ እውነት በሚዞርበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ እትም ስካን ከተደረገ ወዲህ አልተነካም ብሎ ማረጋገጥ መቻል ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእኛ በኋላ

በ2003 ዓ.ም. አንድ በዕድሜ የገፉ ወዳጃችን ሁለት ፌስታል ሙሉ ጋዜጣ ይዘው በራችንን አንኳኩ። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ልብሳቸውን ቀንሰው የጫኑት ነበር። «ልጄ» አሉን፣ «እኔ የሞትኩ ዕለት ልጆቼ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ነው የሚጥሉት። አማርኛውን አያነቡትም። አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ አደራ።» ዛሬ እኒያ ሰው በሕይወት የሉም። የሰጡን 90 እትሞች ግን አሉ፤ ከእነርሱ 11ዱ ከሌላ ከማንም ያልመጡ ናቸው።

የእኚህ አባት ሥጋት አሁን ወደ እኛ ዞሯል። ሃምሳን አልፈናል። ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ኮምፒዩተር ያውቃሉ፤ አማርኛውን ግን ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት። ሰርቨር ያኖረ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ከሚቆጣጠረው ማተሚያ፣ ኩባንያ ከሚያከራየው ሰርቨር ሸሽተን ሁሉን በአንድ ሰው ምድር ቤት፣ በአንድ ሰው ጤንነትና በአንድ ሰው የይለፍ ቃል ላይ ካንጠለጠልነው ጌታ ለወጥን እንጂ ነጻ አልወጣንም። አንድ እንጨት አይነድም እንዲሉ፣ የአንድ ሰው ሰርቨር ማኅደር አይሆንም።

መፍትሔው ያገኘነው ከአዲስ ማሽን ሳይሆን ከአሮጌው የዕቁብና የዕድር ልማዳችን ነው። ዛሬ አንዲት እኅት ሰርቨር በካናዳ፣ ሌላዋ በስዊድን በሁለት የቀድሞ የሙያ ባልደረቦቻችን ቤት አሉ። በየሌሊቱ ሦስቱ ይነጋገራሉ፤ በአንዷ የተጨመረው ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ የተሰረዘ ነገር ግን ሦስታችን ሳንስማማ ከሌሎቹ ላይ አይሰረዝም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ እያንዳንዳችን በዕጣ የወጡ ሃያ እትሞችን ከሌላው ቅጂ አውጥተን እናነባለን። ተከፍቶ ያልተነበበ መጠባበቂያ ስም ብቻ ነውና። አሠራሩን ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በስምንት ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈን አትመን ከቤት ሰነዶች ጋር አኑረናል። ከሦስታችን አንዱ ቢያልፍ ሁለቱ አራተኛ ቤት ይፈልጋሉ። ዕድር ሰው ሲሞትበት አይፈርስም፤ ተተኪ ያስገባል።

አንባቢያን ሆይ! ሁላችሁም ሰርቨር ትከሉ አንልም። የጊዜ፣ የጤንነትና የዝንባሌ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቹ አልጋ ሥር፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአገር ይዛችሁት በመጣችሁት ሻንጣ ውስጥ የድሮ ጋዜጣ፣ የስብሰባ ካሴት፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ አላችሁ። አገር ቤት ያላችሁም ከጣራ ሥር የተሸጎጠ ጥራዝ ይኖራችኋል። አትጣሉት። በስልካችሁ ካሜራም ቢሆን በቀን ብርሃን ገጽ በገጽ አንሡት፤ ከየት እንደመጣና መቼ እንደወጣ በላዩ ጻፉ፤ የሰዎች ስም ያለበት ከሆነ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ፤ ቅጂውንም ከእናንተ ሌላ ቢያንስ በሁለት ሰው ቤት አኑሩ። ከዚያም ከልጆቻችሁ አንዱን አስቀምጣችሁ ምን እንደሆነ ንገሩት። በአማርኛ መናገር ቢያቅተው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ የት እንዳለም አሳዩት።

ቸር ይግጠመን።